የሸድሊያ የስለት ኤሊ

ምነወር ላላወቀው ሰው ቁጡ ይመስላል። ዕድሜ ልኩን ጨውና ነፋስ ሲገርፈው የኖረ ፊት ሌላ ምን ሊመስል ኖሯል? እኛ የቀርቀና ደሴት ሰዎች ግን እናውቀዋለን። ሰላም ሲሉት በአገጩ ነው የሚመልሰው። ዓሣ ሲሸጥ አይከራከርም፤ ሰርግ ቤት ጥጉን ይዞ ኩስኩሱን በልቶ ሹልክ ይላል። አፉን ከፍቶ ሲጮህ የሰማነው ልጁ ወጅዲ የሄደ ዕለት ጠዋት ብቻ ነው። ያንንም ባንሰማው ይሻለን ነበር።

ኑሮው ሸርፊያው ነው። ሌላ አገር ሰው መሬት ይወርሳል፤ እኛ ዘንድ ባሕር ይወረሳል። ውሃችን ጥልቀት ስለሌለው ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ የዘንባባ ዝንጣፊ እንደ አጥር ይተክልበታል። ዓሣው አጥሩን ታክኮ ሲሄድ ሲሄድ መውጫ የሌለው ጓዳ ውስጥ ይገባል። ምነወር ይህን አጥር ከአባቱ ተቀበለ፣ አባቱም ከአባቱ። ለወጅዲም ያው ነበር የታሰበው። ወጅዲ ግን አንድ ቀን አብረው ዝንጣፊ ሲተክሉ ቀና አለና፣ «ባባ፣ ዓሣው እኮ የለም። የምታወርሰኝ አጥሩን ብቻ ነው» አለው። ልጁ አልዋሸም። ትልልቆቹ ጀልባዎች የባሕሩን ወለል እንደ ድስት ቂጥ ፍቀው ፍቀው ጨርሰውታል። ምነወር መልስ አጥቶ ዝም አለ። ያን ዝምታውን እስከ ዛሬ ይረግመዋል።

ወጅዲ ነፋሱ በሚከፋበት ወቅት ከሌሎች ጎረምሶች ጋር ወደ ጣሊያን በሚሻገር ጀልባ ወጣ። ደረስኩ የሚል ስልክ አልመጣም። ሬሳም አልመጣም። ከተሳፈሩት መሃል የአንዱም ወሬ አልተሰማም። ምነወር በልቡ ቁርጡን አውቆታል፤ ባሕሩን ከሚገባው በላይ ስለሚያውቀው ራሱን ማታለል አቃተው። ሚስቱ ሸድሊያ ግን ሞት የሚባል ቃል በቤቷ እንዲነሳ አልፈቀደችም። እስር ቤት ይሆናል፣ ሊቢያ ወርዶ ይሆናል፣ ስልኩ ጠፍቶበት ይሆናል እያለች የብርዱን ወራት አጋመሰች። እንግዲህ እናት ናት፤ ማን ደፍሮ ይንገራት?

ከዚያ ስለት ተሳለች። ስለቱ በምነወር ዘር ውስጥ የኖረ የድሮ ነገር ነው። ባሕር ላይ ሰው የቀረበት ቤተሰብ በሲዲ ሙፍታህ ዚያራ ቀን፣ ሕዝቡ የወሊዩን መቃብር ሊጎበኝ ሲወጣ፣ ከነሕይወቷ የተያዘች የባሕር ኤሊ ጀርባዋን ሂና ቀብቶ ከመቃብሩ ፊት ለፊት ይለቃታል። ኤሊዋ ወደ ጥልቁ ካቀናች ባሕሩም የያዘውን ይመልሳል ነው ነገሩ። የምነወር ወንድ አያት ሰፍነግ ሊያወጡ ሄደው ቀርተው፣ ሴት አያቱ ኤሊ ለቀው፣ ሰውየው በሰው ጀልባ ተመለሱ ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቅ የለም፤ አየን የሚሉት ሁሉ አፈር በልተዋል። የመስጊዱ ኢማም ይህን ስለት አይወዱትም። ሸድሊያ ደግሞ ኢማሙ ልጅ ጠፍቶባቸው አያውቅም ትላለች።

ብርዱ ሊያበቃ ሲል አንዲት ኤሊ የምነወር ሸርፊያ ጓዳ ውስጥ ገባች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አጥሩን ሳትሰብርበት ገፍቶ ያስወጣት ነበር። ያን ቀን ግን ትቷት ቤቱ ሄደና ለሸድሊያ ነገራት። ምን አስነገረው? ክፋት የለበትም፤ ፊቷ አንዴ እንኳ እንዲፈታለት ፈልጎ ነው። ተፈታም። ዚያራው ገና ነበርና፣ «እስከዚያ አቆይልኝ። አደራህን፣ እንዳታመልጥህ» አለችው።

ምነወር ከአባቱ ሲያይ እንዳደገው አደረገ። የኤሊዋን የፊት ግራ ክንፍ በገመድ አሰረና የገመዱን ጫፍ ውሃው ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ቋጠረው፤ በግ በካስማ እንደማሰር ነው። ገመዱ እንዳይፈገፍጋት አሮጌ ሸሚዙን ቀድዶ ጠቀለለበት። ሸርጣን እየሰበረ አበላት። ደግ የሠራ መስሎታል፤ ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ነገሩ ቶሎ ይገባው ነበር። ኤሊዋ እንጨቱን ስትዞር ገመዱም አብሯት ዞረ፤ በዞረች ቁጥር አጠረ፣ በጎተተች ቁጥር ጠበቀ። በዚህ መሃል የሰሜኑ ነፋስ ተነሳና ጀልባ የሚያስወጣ ቀን ጠፋ። ነፋሱ በረድ ሲል ምነወር ሄዶ ቢያይ ገመዱ ጨርቁን አልፎ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል፣ ትከሻዋም ተነፍቷል። ቋጠሮውን ፈታላት። ኤሊዋ ግን አልሸሸችም። በጎኗ ዘመም ብላ በቀኝ ክንፏ ብቻ እየቀዘፈች ባለችበት ትሽከረከር ጀመር።

ተሸክሞ ጀልባው ላይ ጫናትና ባሕሩ ዳር ወዳለው የኤሊ ሐኪም ቤት ወሰዳት። እዚያ ያለችው ሐኪም ዶክተር ኦልፋ ትባላለች። ከባሕሩ ማዶ ያለችው የስፋክስ ከተማ ልጅ ናት፤ ጠዋት በመሻገሪያው መርከብ ትመጣለች፣ ከዓሣ አጥማጁ ሁሉ ጋር ስትቀላለድ ትውላለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። ምነወርን አሚ፣ አጎቴ እንደማለት፣ ብላ ትጠራዋለች፤ ባየችው ቁጥርም ዛሬ ስንት ቃል ተናገሩ እያለች ትነካካው ነበር። ያን ቀን ክንፏን ምን ነካው ስትለው ያለወትሮው ቶሎ መለሰላት። መረብ ነው አላት።

ለምን እንደዋሸ እሱ ያውቃል። ኤሊዋን ሰው አስሮ አሰናከላት ከተባለ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል። ሸድሊያ ደግሞ በማን ትእዛዝ እንደታሰረች ታውቃለች። ልጇ በጠፋበት ዓመት ስለቴን በገዛ እጄ አበላሸሁ ብላ እንድትቃጠል አልፈለገም። ለእሷም አሮጌ መረብ ተጠላለፈባት አላት።

ዶክተሯ መጀመሪያ ኤሊዋን ገንዳ ውስጥ ለቃ ስትዋኝ አየቻት። ቀጥላም ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ ሁለቱን የፊት ክንፎች ተራ በተራ ዘረጋች፣ አጠፈች፣ አዞረች። ቀኙ እስከ ጥግ ይሄዳል። ግራው መንገድ ላይ ይገታል፣ ኤሊዋም አፏን ትከፍታለች። ራጅ አነሳቻት። ስብራት የለም፣ ውልቃትም የለም፤ አጥንቷ ንጹሕ ነው። ቁስሏን አጠበች፣ የሕመም ማስታገሻ ወጋቻት፣ ዕረፍት ያስፈልጋታል አለች። መረብ የጎተተው ትከሻ የሚታከመው እንደዚያ ነው። ዶክተሯ ላይ የሚፈረድ ነገር የለም፤ የተነገራትን ነው ያከመችው።

ሸድሊያ በየቀኑ ሰርዲን በሳህን ይዛ ትመጣ ነበር። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብላ በእጇ ታጎርሳታለች። አንድ ቀን ምነወር ሊጠራት ሲገባ ለኤሊዋ ስትነግራት ሰማ። ቀጭን ነው ትላታለች፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሲስቅ አንድ ዓይኑ ይጨፈናል፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ኤሊዋ ባሕር ውስጥ ስታገኘው እንዳትስተው ነው። ምነወር እግሩን ሳያሰማ ተመልሶ ወጣና የቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ያን ጊዜ እውነቱን ሊነግራት ይገባ ነበር የሚሉ አሉ። እነሱ ቢሆኑ ይነግሯት እንደሆነ እንጃ።

ኤሊ ሕመሟን ቶሎ አትናገርም። ደሟ ቀዝቃዛ ነው፣ ነገሯ ሁሉ ቀስ ያለ ነው፤ ስትድንም ስትሞትም አትቸኩልም። አጥንቷ ከውስጥ መበላት ቢጀምር እንኳ ራጅ ላይ እስኪወጣ ብዙ ይቆያል። የትከሻዋ እብጠት እያደር ጠጠረ። ከዚያ ሰርዲኑን እምቢ አለች። ሸድሊያ አፏ ላይ ብታስጠጋላት ፊቷን ታዞራለች።

ዶክተር ኦልፋ ይህን ስታይ መርፌ አመጣችና ከትከሻዋ መገጣጠሚያ ውስጥ አስገብታ ሳበች። ጤነኛ መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንደ እንቁላል ነጭ ጥርት ያለና ሲስቡት የሚለጠጥ ነው። የወጣው ግን ድፍርስ ነበር፤ እንደ አይብ የተፈረፈረ ነገርም ነበረበት። የኤሊ መግል እንደ ሰው አይፈስም፤ ይጋገራል። ከተጋገረ ደግሞ መድኃኒት ዘልቆ አይገባበትም። ዶክተሯ መርፌውን ብርሃን ላይ አድርጋ ካየች በኋላ ሄዳ በሩን ዘጋች። የዚያን ቀን አልቀለደችም።

«አሚ ምነወር፣ ይሄ የመረብ ሥራ አይደለም። ክንፏ ዙሪያውን ታንቆ ቆይቷል። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከኔ አይወጣም።»

«ገመድ ነው» አለ ምነወር። «እኔ ነኝ ያሰርኳት።»

ስለ ስለቱም፣ ስለ ነፋሱም፣ ስለ ሸድሊያም ነገራት። በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ቃል ተናግሮ አያውቅም። ዶክተሯ አዳመጠችውና፣ የመጣች ዕለት ይህን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ከመገጣጠሚያው ቀድታ ታይ እንደነበር፣ ያኔ ደግሞ ገና ውሃ ስለሚሆን ታጥቦ ይወጣ እንደነበር ነገረችው። አልተቆጣችም። ምነወር ብትሰድበው በወደደ ነበር።

የተቀዳው ፈሳሽ ስፋክስ ተልኮ የሚበላት ተሕዋስ ታወቀ፤ እሱን የሚገድል መድኃኒት ተመርጦ መርፌ ተጀመረላት። መገጣጠሚያው ተከፍቶ ታጠበ። ካልሆነም ክንፉን እቆርጠዋለሁ አለች ዶክተሯ፤ በሦስት የሚዋኙ አይታለች። ምነወር ይህችን ወሬ እንደ ጉርሻ ይዞ ቤቱ ሮጠ። ሸድሊያ ይህን ስትሰማ፣ «በሦስትም ቢሆን ትሂድልኝ። ወጅዲስ እጁን አጥቶ ቢመጣ አልቀበለውም እንዴ?» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት መልካም ይመስሉ ነበር። የትከሻው እብጠት ጎደል አለ። ኤሊዋ አንዳንዴ አንድ ሰርዲን ትውጣለች፤ ያን ዕለት ሸድሊያ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ታወራለች። ለዚያራው ገብስ አስፈጭታ፣ የደረቀውን ኦክቶፐስ ቀጥቅጣ አዘጋጀች። ምነወር እንኳ፣ ያ ምንም ነገር የማያምን ሰው፣ አንድ ቀን ስልኩ ሲጮህ ወጅዲ ይሆን ብሎ ዘሎ አነሳው። በራሱ ተናደደ። ተስፋ እንዲህ ነው፤ አልፈልግም ያለውንም ሰው ከተኛበት ይቀሰቅሰዋል።

ዚያራው ሲቃረብ ኤሊዋ ሁለተኛ ራጅ ተነሳች። ዶክተሯ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ምነወርን ጠራችው። ምነወር ፊደል አልቆጠረም፤ ይህን ለማየት ግን ፊደል አያስፈልግም። የግራው ትከሻ አጥንት ምስጥ የገባበት ወጋግራ መስሏል። በአጥንትና በአጥንት መሃል መታየት የነበረበት ክፍተት ጠፍቷል። ዶክተሯ ጣቷን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኙ ክንፍ ወሰደችው። ያ ደህና የነበረው፣ ኤሊዋ ብቻውን ስትቀዝፍበት የከረመችው ክንፍ፣ ክርኑ ላይ ያው መበላት ጀምሮታል። በሽታው ከግራው ተነስቶ በደሟ ተጉዞ ነው የደረሰው። አንድ ክንፍ ቢቆረጥ ትኖራለች፤ ሁለቱም የፊት ክንፎች ከሄዱ መዋኘት የለም። ገንዳ ውስጥ እናኑራት ቢባል ደግሞ ሕመሟን ማርዘም ነው። ዶክተሯ ይህን ሁሉ መስኮቱን እያየች ተናገረችና በመርፌ አስተኝቶ ማሳረፍ ብቻ ነው የቀረን አለች።

ምነወር ፊልሙን ትቶ ወደ ዶክተሯ ዞረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዚያራው ደርሷል። ሂናዋን ትቀባና ልልቀቃት። ኤሊዋ ስትሄድ ሚስቴ ትይልኝ ብቻ» አላት። «ትሄድ የለም?»

«ትንሽ ትሄዳለች። ከዓይን እስክትሰወርም ልትሄድ ትችላለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ያቅታታል። ኤሊ ትንፋሽ መያዝ ትችላለች፤ ቶሎ አትሞትም አሚ ምነወር።»

ምነወር ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የሚያጓጓ ነገር ነበር። ሸድሊያ ኤሊዋ ስታቀና አይታ፣ እልል ብላ፣ ደስ ብሏት ቤቷ ትገባለች፤ የሆነውን የሚያውቁ እሱና ዶክተሯ ብቻ ይሆናሉ። ነገር ግን ልጁ ከሄደበት ክፉ ነፋስ ወዲህ በተኛ ቁጥር የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ወጅዲ ምን ያህል ዋኘ የሚለውን። ዋና ያስተማረው እሱ ራሱ ነው፤ ገና ጥርሱን ሳይነቅል ውሃ ላይ እየጣለ ነው ያስተማረው። ልጁ በደሴቲቱ የታወቀ ዋናተኛ ወጣው። ጎበዝ ዋናተኛ ደግሞ ቶሎ እጅ አይሰጥም። ምነወር ባላስተማርኩት ኖሮ እያለ የሚጸጸት አባት ነው፤ እንዲህ ያለ ጸጸት አላህ ለጠላትም አይስጠው። አሁን ሌላ ነፍስ እዚያው ባሕር ላይ ሄዳ፣ መውጣት እየፈለገች፣ ክንፏ እንቢ ሲላት ታየው። አልቻለም።

«እዚሁ ይሁን» አለ።

ዶክተሯ ውጭ ይጠብቁ ብትለው አልወጣም። የኤሊዋን ጭንቅላት በሁለት እጁ ያዘላት። መርፌው ሲገባ አንዴ ከባድ ትንፋሽ አወጣችና ዓይኗ እንደተከፈተ ቀረ። ዶክተሯ የልብ ማዳመጫውን አንገቷ ሥር አድርጋ እስኪያበቃ ድረስ ረጅም ጊዜ ጠበቀች። ኤሊ ስትሞትም ቀስ ብላ ነው። ሲያልቅ ኦልፋ ፊቷን አዙራ እንባዋን ጠረገች። ምነወር አላለቀሰም፤ እጁን ታጥቦ፣ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲደርስ ሸድሊያ ደጁ ላይ ተቀምጣ የደረቀ የሂና ቅጠል ትወቅጣለች። ገና ከሩቅ አይታው ዘነዘናውን አስቀመጠች። ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ሞተች» አላት።

በዚያ ቤት ያ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነው። ሸድሊያ አልጮኸችም። አጠገቧ ነበርክ ወይ አለችው፤ አዎ፣ ጭንቅላቷን ይዤ ነበር አላት። ተሠቃየች ወይ አለችው፤ አልተሠቃየችም አላት። መዳፏ ላይ የቀረውን ሂና ስታራግፍ ቆየችና፣ «ገመዱ ነው» አለች።

«መረብ ነው እኮ፤ ዶክተሯም ነግራሻለች።»

«ተው ምነወር። ስንት ቀን በእጄ ያጎረስኳት እኔ ነኝ፤ ቁስሏን አላየሁም? ዙሪያውን ነበር።»

ምነወር መካዱ አታከተው። «ያሰርኳት እኔ ነኝ» አለ።

«አቆይልኝ ያለህስ ማን ነው?»

ሊያጽናናት አጎንብሶ እጇን ሊይዝ ሲል ሸድሊያ እጇን ሰበሰበችና ባሕሩን እያየች መናገር ጀመረች። ድምፏ የሰው ወሬ የምታወራ ይመስል ነበር።

«ወጅዲ በሙቀቱ ወር ሊሄድ ነበር። ባሕሩ ዘይት መስሎ በተኛ ጊዜ፣ ከነዙሄር ጋር። መጥቶ ነገረኝ፤ ለባባ እንዳትነግሪ ብሎ ለመነኝ። እኔም የአክስትህን ልጅ ሰርግ ሳትበላ የትም አትሄድም አልኩት። ቆይልኝ አልኩት። ቆየልኝ።»

ምነወር እስከዚያች ሰዓት ልጁ ሁለቱንም ደብቆ የወጣ ነበር የሚመስለው። የነዙሄር ጀልባ ሰላም መግባቱን ደሴቲቱ ሁሉ ያውቃል፤ የዙሄር እናት ልጇ በላከላት ገንዘብ ጣሪያ አሠርታለች። ምነወር ሚስቱን አየና ለአንድ አፍታ ጠላት፤ አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ እንዲያ ጠልቷት አያውቅም። ከዚያ ጥላቻው አለፈና በቦታው ምንም የሚተካው አጣ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሸድሊያ ኤሊዋንም ልጇንም ቆዩልኝ ብላ እንደገደለች፣ የወደደችውን ሁሉ ይዛ ማቆየት እንጂ መልቀቅ እንደማታውቅ ተናገረች። አይደለም የሚላት ሰው ትጠብቅ እንደነበር ምነወር ያውቃል። አይደለም ማለት ግን አፉ አልሄደለትም።

ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ጠረገችና ተነሳች።

«ሂድና ወንድሞችህን ጥራ» አለችው። «ለቅሶ እንቀመጥ።»

«ምን ልበላቸው?»

«ወጅዲ ሞተ በላቸው።»

ምነወር ልብሱን አራግፎ ተነሳና ወደ ታላቅ ወንድሙ ቤት ሄደ።